ዝናቡ ሲጀምር ጆሯቸውን ተዪው፣ እጃቸውን ያዢ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፣ ከጅማ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ አሉ፤ ልባቸው ግን የለም። ስለዚህ የፈተናውንና የዩኒፎርሙን ጥያቄ ለሚቀጥለው አሳድሬ ዛሬ እነዚህን ብቻ ይዣለሁ። ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ ጅማ ውስጥ የታችኛውን ክፍል ሳስተምር የኖርኩ መምህርት ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የሥነ ልቦና ባለሙያም አይደለሁም። የማውቀው ጠመኔና ልጅ ነው።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ጤና ይስጥልኝ። ጊንጆ አካባቢ ሁለተኛ ክፍል አማርኛ አስተምራለሁ። ክፍሌ ውስጥ 64 ልጆች አሉ፤ አንድ ዴስክ ላይ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ይቀመጣሉ። መስኮቱ በመንገድ በኩል ነው። ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ሁሉም ዞሮ ያያል። ዝናብ ከመጣማ አለቀ፤ ቆርቆሮው ሲጮኽ እኔም እጮኻለሁ፣ ማንም አይሰማኝም። በቅርቡ ሥልጠና ላይ “አምስቱንም የስሜት ሕዋሳት ተጠቀሙ፣ ልጆቹ ይነቃሉ” ተባልን። ስዕል ለጠፍኩ፣ አዘፈንኩ፣ አስጨበጨብኩ። ጭራሽ ባሰባቸው። እርስዎ ምን ይላሉ?
(መምህርት ሰ.፣ ከጊንጆ)

መልስ፦ ሰ.፣ የኔ እህት፣ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። የተነገረሽ ግማሹ ነው። አምስቱን የስሜት ሕዋሳት ተጠቀሙ ማለት አምስቱንም ባንዴ ቀስቅሱ ማለት አይደለም። 64 ልጅ ባለበት ክፍል ገና ጠመኔ ሳታነሺ የልጁ ዐይንም ጆሮም ቆዳም ሞልቷል። የጎረቤቱ ክርን ጎኑን ይወጋዋል። ከኋላው ያለው ዴስኩን ይረግጣል። ውጭ ባጃጁ ክላክስ ያደርጋል። እዚህ ላይ ስዕልና ዘፈንና ጭብጨባ ሲደረብበት የቱን ይያዝ?

እኔ የምከተለው አንድ ነገር ነው፦ በአንድ ጊዜ አንድ ስሜት። ጆሮ ሲሠራ እጅ ይረፍ፣ ዐይን ይከደን። እጅ ሲሠራ ደግሞ አንቺ ዝም በይ። ልጆቹ እየጻፉ ሳለ ማውራት የማያቆም መምህር ታውቂያለሽ አይደል? “በንጽሕና ጻፉ፣ መስመር እንዳትዘሉ፣ አንተ ምን ታያለህ፣ ትናንት ምን ነበር ያልኩት…” ልጁ ወይ ይጽፋል ወይ ይሰማል። ሁለቱን ባንዴ አድርግ ብለሽ ስታስገድጂው ሁለቱንም ይተዋል።

ከጆሮ ልጀምርልሽ። ማሪያ ሞንቴሶሪ የምትባል ጣሊያናዊት ሐኪም ነበረች። በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም ውስጥ ሳን ሎሬንዞ በሚባል የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤት ከፈተች። ከምታሠራቸው ነገሮች አንዱ የዝምታ ጨዋታ ነበር። ልጆቹ ጸጥ ይላሉ፤ እሷ ራቅ ብላ የእያንዳንዱን ስም በሹክሹክታ ትጠራለች፤ ስሙን የሰማ ኮሽታ ሳያሰማ ተነስቶ ወደ እሷ ይሄዳል። ለ64 ልጅ ይህ አይሆንም። ስም ስትጠሪ ደወል ይደወላል።

እኔ አሳጥሬ ነው የማሠራው። ራሳቸውን ዴስክ ላይ ያስደግፋሉ፣ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ፣ አንድ ደቂቃ ያዳምጣሉ። ከዚያ “ምን ሰማችሁ?” እላለሁ። መጀመሪያ የሚሉት ባጃጅ ነው፤ ባጃጅን ማን ያጣዋል። ቀጥሎ እየረቀቀ ይሄዳል። “ቆራሌው!” እያለ የሚያልፈው ሰውዬ። ቆርቆሮ ላይ የምትሮጥ ጦጣ። አጠገባችን ያለው ክፍል ሰሌዳ ላይ የሚንቋቋ ጠመኔ። አንዴ አንዱ ከኋላ “የራሴን ሆድ” አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ያወቅሁት በዚያ ነው። እንዲህ ላለው ልጅ ደግሞ ከጨዋታው በፊት ዳቦ ይቀድማል፤ ይህንን የትኛውም ሥልጠና አይነግርሽም።

ጥቅሙ ጸጥታው ብቻ አይደለም። በኔ ክፍል ባጃጁን አዳምጠው፣ በስሙ ጠርተው ከጨረሱ በኋላ ለሚቀጥለው ባጃጅ ያን ያህል አይዞሩም። የታወቀ ነገር አያጓጓም።

ድምፅሽን በተመለከተ፣ እባክሽ አትጩሂ። የዓለም ጤና ድርጅት በትምህርት ሰዓት ክፍል ውስጥ የሚኖረው የውጭ ጫጫታ ከ35 ዴሲቤል እንዳያልፍ ይመክራል። ይህ ከሹክሹክታ ብዙም አይበልጥም። መንገድ ዳር ያለ ክፍል ይህን መቼም አያገኘውም። ታዲያ ከመንገዱ ጋር በጉሮሮ መፎካከር አያዋጣም። የሚያዋጣው መቅረብ ነው። በገላጣ ሜዳ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ይወርዳል። አንድ ሜትር ላይ ከተቀመጠው ልጅ እስከ ስምንት ሜትር ድረስ ሦስት ጊዜ እጥፍ ሆነ፤ 18 ዴሲቤል ሄደ ማለት ነው። ክፍል ውስጥ ግድግዳው ትንሽ ይመልስልሻል እንጂ ኋላ ያለው ልጅ ከፊተኛው እኩል አይሰማሽም። ስለዚህ ዋናውን ነገር ሰሌዳው ሥር ሆነሽ አትናገሪ። መሐል ገብተሽ ተናገሪ፤ ሁለተኛ ጊዜ ደግሞ ከኋላ ሆነሽ ድገሚው። እግርሽ ይድከም እንጂ ጉሮሮሽ አይድከም። መምህር ጡረታ የሚወጣው በጉሮሮው ነው ሲባል አልሰማሽም?

ማስተካከያ ምልክት ያስፈልግሻል። እኔ የምጠቀመው ሁሉም ከቤቱ ይዞት የመጣውን ነው። “ተረት ተረት” እላለሁ፤ “የላም በረት” ይላሉ፤ ከዚያ ጸጥ። ማስተማር አያስፈልገውም። አማርኛ ገና እየለመደ ያለ ልጅ እንኳ በሁለተኛው ቀን ይይዘዋል። አደራ የምልሽ ግን ምልክቱን አትቀያይሪ። ዛሬ ጭብጨባ፣ ነገ ፉጨት፣ ከነገ ወዲያ ዘፈን ካደረግሽው ራሱ ሌላ ጫጫታ ይሆናል።

አሁን ወደ ዝናቡ። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚዘንብባት ከተማ ናት። ትምህርት በተከፈተ ሰሞንም ይዘንባል፤ ወደ መዝጊያው ግንቦትና ሰኔም ይዘንባል። ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ስለዚህ እንደ እንግዳ አንቀበለው። ቆርቆሮው መጮኽ ሲጀምር ጆሮ ተዘጋ ማለት ነው። ተዪው። የዝናብ ሥራ አዘጋጅተሽ ጠብቂ።

የኔ የዝናብ ሥራ አንድ ካርቶን ውስጥ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ከብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደላት አሉ፤ ያው አናጢ እንጨት የሚያለሰልስበት ሸካራ ወረቀት። ጅማ ደግሞ አናጢ አትቸገሪም። ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከሚሠሩት ሰዎች ሄደሽ ያገለገለ ቁራጭ ለምኚ። ያገለገለው ይሻላል፤ የልጅ ጣት አይቧጭርም። አዲስ ከገዛሽም ቁጥሩ ከፍ ያለውን፣ ለስላሳውን ውሰጂ። ፊደሉን ቆርጠሽ በዘይት ካርቶን ላይ በኮላ ለጥፊ። ፊደል የምትመርጪው ከሚያምታታቸው ነው። ደ እና ጀ። ተ እና ቸ። ነ እና ኘ። በዐይን ሲያዩዋቸው አናታቸው ላይ ያለችው መስመር ታመልጣቸዋለች። በጣት ሲሄዱባት አታመልጥም። አንዲት ልጅ ትዝ ትለኛለች፤ ዐይኗን ጨፍና ጣቷ ጀ አናት ላይ ሲደርስ ቆም አለች፣ ወደ ኋላ ተመለሰች፣ እንደገና ዳሰሰች፣ ከዚያ ፈገግ አለች። ዝናቡ ያን ቀን በረዶም ነበረው። ቀና ብላ እንኳ አላየችም።

ለ64 ልጅ ካርቶኑ አይበቃም። ለዚያም ነው ጀርባ ላይ መጻፍ የሚጠቅመው። አንዱ በጣቱ የጓደኛው ጀርባ ላይ ፊደል ይጽፋል፤ ጓደኛው ደብተሩ ላይ ያሰፍረዋል፤ ከዚያ ይተያያሉ። ወንበር ጠቦ ተጠጋግተው መቀመጣቸው እዚህ ላይ ጉዳት አይደለም። ደግሞ ድምፅ አይፈልግም። መጀመሪያ ላይ ይኮረኩራቸውና ይስቃሉ። ይሳቁ፤ ቆርቆሮው ሳቃቸውን ይሸፍነዋል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተውሽ። ልጆቹ ከሌሉበት ሰዓት ሄደሽ ጥግ ጥግ ያሉት ዴስኮች ላይ ተቀመጪ። በጠዋትም በከሰዓትም። ሰሌዳው በመስኮቱ ብርሃን አብረቅርቆ ምንም የማይታይበት ቦታ ታገኛለሽ። እዚያ የሚቀመጠው ልጅ ነው ዘወትር “አይከታተልም” የሚባለው።

ጥያቄ፦ የመምህራን ኮሌጅ ተማሪ ነኝ። የተሰጠን ወረቀት ተማሪዎችን በዐይን የሚማሩ፣ በጆሮ የሚማሩና በእንቅስቃሴ የሚማሩ ብሎ ይከፍላል። ልምምድ ስወጣ ልጆቹን በዚህ ከፋፍዬ ላስቀምጣቸው?
(ተ.፣ ከጅማ)

መልስ፦ አትከፋፍላቸው። ሐሳቡ ሲሰሙት ደስ ይላል፣ ነገር ግን ማስረጃው የለም። በ2008 እ.ኤ.አ. ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ናቸው፣ እስከዚያ የተጻፈውን አገላብጠው አይተዋል። ልጅ በሚወደው ስሜት ሲማር የተሻለ ይማራል የሚለውን በወጉ የሚያረጋግጥ ጥናት አላገኙም። ስሜቱን የሚመርጠው ልጁ ሳይሆን ትምህርቱ ነው። ካርታ በዐይን ነው። ዜማ በጆሮ ነው። የአንድ ኪሎና የግማሽ ኪሎ ልዩነት በእጅ ነው፤ ማንም ልጅ “እኔ የጆሮ ተማሪ ነኝ” ብሎ ከዚህ አያመልጥም። “አንተ የእንቅስቃሴ ልጅ ነህ” የተባለ ልጅ ደግሞ ማንበብ ሲከብደው ሰበብ አገኘ ማለት ነው። ፈተና ላይ ከመጣብህ ግን ወረቀቱ የሚለውን ጻፍና ውጤትህን ውሰድ።

ጥያቄ፦ የወላጅ ኮሚቴ አባል ነኝ። ከወላጅ ገንዘብ አዋጥተን የአንደኛ ክፍልን ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በስዕል ልናስሞላ ሰዓሊ አነጋግረናል። እንስሳቱ፣ ፊደሉ፣ ቁጥሩ፣ የጅሬኑ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም አለበት። ልጆቹን ያነቃቃልናል ብለን ነው። ይቅናችሁ ይበሉን።
(አቶ መ.፣ ከአጂፕ ሰፈር)

መልስ፦ አቶ መ.፣ ልፋታችሁን አከብራለሁ። ቀለሙ ከመገዛቱ በፊት ግን ይህን ይስሙኝ። በ2014 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት አለ፤ አሜሪካ፣ ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች የሠሩት ነው። 24 ሕፃናትን አንዳንዴ ግድግዳው ባዶ በሆነ ክፍል፣ አንዳንዴ በስዕልና በፖስተር በተሞላ ክፍል አስተማሯቸው። በተሞላው ክፍል ከትምህርቱ ሰዓት 38.6 በመቶ ያህሉን ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር፤ በባዶው 28.4 በመቶ። ከትምህርቱ በኋላ ሲጠየቁ በተሞላው ክፍል 42 በመቶ፣ በባዶው 55 በመቶ መለሱ። 24 ልጅ ጥቂት ነው፤ እውነት ነው። ግን አስተማሪ የሆነ ሰው ይህን ሲያነብ ራሱን ይነቀንቃል። ትንሽ ልጅ ዐይኑን ከአንበሳ ላይ ነቅሎ ወደ “ሀ ሁ” መመለስ አይሆንለትም።

ግድግዳው ይራቆት እያልኩ አይደለም። ልጆቹ ፊት ለፊት የሚያዩት፣ ሰሌዳው ያለበት ግድግዳ ይረፍ። አንበሳውና ቤተ መንግሥቱ የውጩ ግድግዳ ላይ ይሳሉ፤ ለዕረፍት ሰዓት ጌጥ ነው፣ መንገደኛውም ያየዋል። ፊደሉ ከኋላ ይሁን። መምህርቷ ስለ እንስሳት ስታስተምር ወደ ውጭ አውጥታ ታሳያቸዋለች፤ ያኔ ስዕሉ ትምህርት ይሆናል።

ገንዘቡ ከተረፈ፣ ወይም ደፈር ብላችሁ ከስዕሉ ላይ ከቀነሳችሁ፣ ኮርኒስ አሠሩ። ከላይ ያለችውን መምህርት ደብዳቤ አነበቡት? ቆርቆሮና ልጅ መካከል ምንም የለም። የጆንያ ኮርኒስም ቢሆን ከምንም ይሻላል። እንግሊዝ አገር ሳልፎርድ ዩኒቨርሲቲ በ2015 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረገው ጥናት 153 ክፍሎችንና 3,766 ተማሪዎችን አይቷል። በልጆቹ የዓመት እድገት መካከል ከታየው ልዩነት 16 በመቶ ያህሉ ከክፍሉ አሠራር ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ ላቅ ብለው ከተገኙት ውስጥ ብርሃን፣ አየርና ሙቀት አሉበት። የተሰበረ መስኮት አስጠግናችሁ የሚከፈትና የሚዘጋ ካደረጋችሁት ለምረቃ ሪባን አይቆረጥበትም፤ ልጆቹ ግን ያተርፋሉ። ለወላጅ ስብሰባ ይህን ማስረዳት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ። ስዕል ይታያል፣ አየር አይታይም።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ልጄ 7 ዓመቱ ነው። መምህርቱ በየሳምንቱ ትጠራኛለች። አይቀመጥም፣ እግሩን ያወዛውዛል፣ የሹራቡን እጅጌ ያኝካል፣ ስትጠራው አይሰማም ትላለች። እቤት ስዕል ሲስል ግን አንገቱን ደፍቶ ይቆያል። አባቱ ብልግና ነው ይላል። አንዳንድ ሰው ደግሞ የሚይዙት የሚሽከረከር መጫወቻ ግዢለት አለኝ። ሐኪም ጋ ልውሰደው ወይስ ልቅጣው?
(የአ. እናት፣ ከፈረንጅ አራዳ)

መልስ፦ እህቴ፣ አትቅጪው። ከደብዳቤሽ ውስጥ እኔን የቆረቆረኝ “ስትጠራው አይሰማም” የሚለው ነው። ምናልባት በእውነት አይሰማ ይሆናል።

ዛሬ ማታ ይህን ሞክሪ። ከኋላው በአንድ ክንድ ርቀት ቁሚ። አንዱን ጆሮውን በጣትሽ ዝጊለት። በሹክሹክታ ሦስት ቁጥር ንገሪውና እንዲደግመው አድርጊ። ከዚያ በሌላኛው ጆሮ። ፊትሽን እንዳያይ፤ ልጆች ከከንፈር ማንበብ ይችሉበታል። ጆሮው መግሎ ያውቃል? ጉንፋን ሲይዘው ጆሮዬን ይላል? እንዲህ ያሉ ልጆች አንዳንድ ሳምንት ይሰማሉ፣ አንዳንድ ሳምንት አይሰሙም፤ ለዚህ ነው ብልግና የሚመስለው። ዐይኑንም አሳዪው። ስዕል ሲስል አንገቱን ይደፋል ብለሻል፤ ምን ያህል ይጠጋል? አፍንጫው ወረቀቱን የሚነካ ከሆነ ሰሌዳው ለሱ ጭጋግ ሊሆን ይችላል። ጤና ጣቢያ ጀምሪ፤ ካስፈለገ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የዐይን ክፍል አለው። እኔ በዚህ ነገር ግትር ነኝ፦ ዐይንና ጆሮ ሳይታይ ስለ ጠባይ አላወራም።

ዐይንና ጆሮው ደህና ከሆነስ? አምስት ስሜት ብለን እንቆጥራለን እንጂ ሌሎችም አሉ። አንዱ ውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ነው፤ ሚዛናችንን ይጠብቃል፣ ስንዞርና ስንወዛወዝ ይነግረናል። ሌላው ጡንቻና መገጣጠሚያ ውስጥ ነው፤ ዐይናችንን ጨፍነን እጃችን የት እንዳለ የምናውቀው በሱ ነው። እግሩን የሚያወዛውዝ፣ እጅጌ የሚያኝክ ልጅ እነዚህን እየመገበ ሊሆን ይችላል። አንዳንዱ ልጅ ሰውነቱ ሲነቃነቅ ነው አእምሮው የሚነቃው።

ታዲያ መነቃነቁን ሥራ አድርጉለት። መምህርቷን በትሕትና ጠይቂያት፦ ደብተር የሚሰበስበው እሱ ይሁን፣ ሰሌዳ የሚያጠፋው እሱ ይሁን፣ መጽሐፉን ተሸክሞ ከቢሮ የሚያመጣው እሱ ይሁን። ሸክም ያለው ሥራ ይሻላል። ዳስተሩን ውጭ አውጥቶ ግድግዳ ላይ ማራገፍ ራሱ ለዚህ ልጅ በረከት ነው። መቆም ከፈለገ ከኋላ ዴስክ አጠገብ ቆሞ ይጻፍ፤ ማንንም አይጋርድ እንጂ ምን ችግር አለው? እጅጌውን የሚያኝክበትን ሰዓት ደግሞ መዝግቡ። ከምሳ በፊት ከሆነ ርቦት ነው።

የሚሽከረከረውን መጫወቻ ተዪው። እሱ ሲያሽከረክር 60 ልጅ ያየዋል፣ እሱም ራሱ ያየዋል። እጁ የግድ የሚይዘው ከፈለገ የማይታይና ድምፅ የሌለው ይሁን፤ ኪሱ ውስጥ የምትጨመቅ የጨርቅ ቁራጭ ትበቃለች።

ይህ ሁሉ ሆኖ ቤትም ትምህርት ቤትም፣ ሁለቱም ቦታ፣ ከ6 ወር በላይ አልረጋ ካለና ትምህርቱን ከጎዳው፣ ያኔ የሕፃናት ሐኪም ይየው። አባቱን ደግሞ የጆሮውን ሙከራ እሱ ራሱ እንዲያደርገው ስጪው። ነገሩን በገዛ ዐይኑ ሲያይ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የኔ ልጅ፣ ይህ ሁሉ የስሜት ሕዋስ ወሬ ለኔ ቅንጦት ነው። በኛ ጊዜ ክፍል ውስጥ ከ70 በላይ ነበርን። መምህሩ አለንጋውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል፤ ዝንብ ስትበር ይሰማ ነበር። ማን ወደ መስኮት ይዞራል? ትኩረት ማለት ያ ነው።
(ጋሼ ወ.፣ ጡረተኛ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉልኝ። ዝንቧ እንደምትሰማ አምናለሁ። ግን እርስዎ ያኔ የሚያዩት ሰሌዳውን ነበር ወይስ አለንጋውን? የፈራ ልጅ ጸጥ ይላል፤ ልቡ ያለው ግን እዚያች ዱላ ላይ ነው። ደግሞም ነገሩ ተዘግቷል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል።

ይልቅ ሌላ ነገር ላስታውስዎ። እርስዎ ፊደል የቆጠሩት እንዴት ነው? ቄስ ትምህርት ቤት ከሆነ በስንጥር እያንዳንዷን ፊደል እየነኩ፣ ድምፅዎን ከፍ አድርገው፣ ወገብዎን እያወዛወዙ ነው። ዐይን፣ እጅ፣ ጆሮ፣ ሰውነት፤ ሁሉም አንዲት ፊደል ላይ። ጎረቤቶቻችን ቁርዓን ቤት ሲማሩም ሎሑ (የእንጨት ሰሌዳው) ላይ ይጽፉታል፣ እየተወዛወዙ ያነቡታል፣ ሲይዙት ያጥቡታል፣ እንደገና ይጽፋሉ። የቤተ ክርስቲያን አቋቋም ተማሪ በመቋሚያውና በጸናጽሉ ዜማውን በእጁና በእግሩ ጭምር ነው የሚይዘው። እኛ ዛሬ ልጁን “እጅህን አጣምር፣ አትነቃነቅ፣ አፍህን ዝጋ” ብለን ካሰርነው በኋላ ለምን አንቀላፋ እንላለን። እኔ ለመምህርት ሰ. የነገርኳት የብርጭቆ ወረቀት ከስንጥሩ ብዙም አይርቅም። ቅንጦት አይመስለኝም፣ ጋሼ። እዚያው የነበረ ነው።

አለንጋውን ግን እዚያው ይተዉልን።

ጥያቄ፦ መዋዕለ ሕፃናት አስተምራለሁ። ጠዋት ጠዋት ክፍሉ ደስ እንዲል ዕጣን ባጨስ፣ ወይም ቡና ብቆላ ልጆቹን ያነቃቸዋል? ሽታ ለማስታወስ ይጠቅማል ሲሉ ሰምቻለሁ።
(ፋ.፣ ከመርካቶ)

መልስ፦ ዕጣኑን አታጭሺ። አስም ያለበት ልጅ ይኖራል፤ ጭስ በተዘጋ ክፍል ለማንም ልጅ አይበጅም። ቡና ደግሞ ጅማ ላይ ለልጅ አዲስ ሽታ አይደለም፣ እናቱ ጓዳ የተወው ነው።

ሽታ ከትዝታ ጋር መቆራኘቱ እውነት ነው፤ ከአፍንጫ የሚነሳው መልእክት ወደ ስሜትና ትዝታ የአንጎል ክፍሎች በአጭር መንገድ ይደርሳል። ነገር ግን አፍንጫ ቶሎ ይለምዳል። ጥቂት ደቂቃ ካለፈ ሽታው መኖሩን ይረሳዋል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ልጅን በሽታ ነቅቶ ማቆየት አይቻልም። ለመጀመሪያ ግን ግሩም ነው። በሶብላ፣ ጤናዳም፣ ኮረሪማ፣ ድንብላል በየጨርቁ ቋጥሪ። ዐይናቸውን ጨፍነው አንድ በአንድ ያሽትቱ፤ ከዚያ ይናገሩ። “ጥሩ ይሸታል” የሚል መልስ አትቀበይ። ምን ይመስላል? የት ሸቶሽ ያውቃል? አንዷ ልጅ ጤናዳም አሽትታ “አያቴ ቡና ላይ” አለችኝ፤ ከዚያ ስለ አያቷ አምስት ዓረፍተ ነገር ተናገረች። በዚያ ዓመት ከሷ አፍ የሰማሁት ረጅሙ ንግግር ነው።

በምላስ ማስቀመስ ላይ ግን ተጠንቀቂ። የማይስማማው ልጅ አለ። ደግሞ ጾም ነው፣ ረመዳን ነው፤ ትንሹ ልጅም “እኔም ጾሜያለሁ” ማለት ይወዳል፣ አታሳፍሪው።

ጥያቄ፦ 8ኛ ክፍል ነኝ፣ ሚኒስትሪ እፈተናለሁ። ያለ ሙዚቃ ማጥናት አልችልም። እናቴ ትቆጣኛለች። ማናችን ነን ልክ?
(ህ.፣ ከቆጪ)

መልስ፦ ህ.፣ እንደምታጠኚው ነው። ሒሳብ ደጋግመሽ ስትሠሪና ግጥም የሌለው ሙዚቃ ቀስ ብሎ ሲሰማ ላይጎዳሽ ይችላል። ስታነቢ ወይም ስትሸመድጂ ግን ዘፈኑ ቃል ካለው ከምታነቢው ቃል ጋር ይጋጫል፤ ይህ በተደጋጋሚ የታየ ነገር ነው። በተለይ የምትወጂው ዘፈን ከሆነ፤ አብረሽው ትዘፍኛለሽ እንጂ ታሪኩን አታነቢም። አንድ ገጽ በዘፈን፣ አንድ ገጽ ያለ ዘፈን አንብቢና ለእናትሽ መጽሐፉን ሰጥተሽ ከሁለቱም እንድትጠይቅሽ አድርጊ። ውጤቱን ላኪልኝ፤ እናትሽ ከረታች ግን ስልኩ እስከ ፈተናው ድረስ እሷ ጋ ይቀመጥ።